ከወረዳ ድጋፍ ለማግኘት፦ ከመደራጀት እስከ ብድር፣ ሼድና ገበያ

ወረዳ ገብታችሁ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «ብድር አለ?» ከሆነ ነገሩ የተበላሸው እዚያው ነው። ባለሙያው «መጀመሪያ ተደራጁ» ይላችኋል። ትደራጃላችሁ። «ቁጠባችሁስ?» ይላል። መቆጠብ ትጀምራላችሁ። «ቦታ አላችሁ?» ይላል። ሼድ፣ ማለትም መንግሥት የሚያከራየውን የማምረቻ ወይም የመሸጫ ቦታ፣ ስትጠይቁ ንግድ ፈቃድ ይመጣል፤ ንግድ ፈቃዱ ደግሞ አድራሻ ይፈልጋል። እንዲህ ስትዞሩ ዓመቱ ይጋመሳል። ከአምስቱ አባላት ሁለቱ ሌላ ሥራ ያገኛሉ። ማኅበሩ አንድ ዕቃ ሳይሸጥ ይፈርሳል። የእኔም የመጀመሪያ ሙከራ የቀረው በዚሁ ዙሪያ ጥምጥም ነው።

ድጋፉ የለም ማለት አይደለም። አለ፤ ግን ቅደም ተከተል አለው። ከታች ያለው አዲስ አበባን ታሳቢ አድርጎ የተጻፈ ነው። በሌላ ከተማ የጽሕፈት ቤቶቹ ስም ሊለያይ ይችላል፤ አካሄዱ ግን ብዙም አይርቅም።

## ከመነሳታችሁ በፊት፦ የሚሰጠውንና የማይሰጠውን ለዩ

ከተማ አስተዳደሩ ገንዘብ አያድልም። ይህን ከአሁኑ ከተቀበላችሁ ግማሹ ብስጭት ይቀራል። ወረዳው የሚሰጠው ማደራጀት፣ ሥልጠና፣ የማምረቻ ወይም የመሸጫ ቦታ፣ የድጋፍ ደብዳቤና የገበያ ትስስር ነው። ብሩ ያለው ሌላ ቤት ነው፤ ብድርና ቁጠባ ተቋም ወይም የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ድርጅት ዘንድ። እነሱ የራሳቸው መመሪያ አላቸው። የወረዳው ደብዳቤ በራቸውን ያስከፍታል እንጂ ካዝናቸውን አያስከፍትም።

ዘርፉም እኩል አይታይም። ማምረቻ፣ ኮንስትራክሽንና የከተማ ግብርና ቅድሚያ ያገኛሉ። አገልግሎት ይከተላል፤ ንግድ ከኋላ ነው። ልብስ ገዝቶ ለሚሸጥ ሼድ ማግኘት ከባድ ነው፤ ለሚሰፋ ግን ይቀላል። ሁለቱንም የምትሠሩ ከሆነ በስፌቱ በኩል ግቡ።

## ደረጃ 1፦ እያንዳንዱ አባል ወረቀቱን ያሟላ

1. የታደሰ የነዋሪነት መታወቂያ ያዙ። መታወቂያችሁ የሌላ ወረዳ ከሆነ መሸኛ አስቀድማችሁ አምጡ።
2. ፋይዳ ተመዝገቡ።
3. የትምህርት ወይም የሙያ ማስረጃችሁን ዋናውንና ኮፒውን አዘጋጁ። ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ያለው ሰው ከቡድኑ ውስጥ ቢኖር በጣም ይጠቅማል።
4. ጉርድ ፎቶ አትርፋችሁ ያዙ። ሁልጊዜ አንድ ይጎድላል።

አሁን ሁሉንም ሰነድ ጠረጴዛ ላይ ደርድሩና ስማችሁን ፊደል በፊደል አመሳክሩ። መታወቂያው ላይ «ኃይለማርያም» ተብሎ ዲፕሎማው ላይ «ሀይለ ማሪያም» ከሆነ አንዱ ቢሮ ያልፈዋል፣ ሌላው ይመልሰዋል። የአያት ስም የተለየ ከሆነ ደግሞ ማንም አያልፈውም።

ሲበላሽ፦ ስሕተቱን ሰነዱን ያወጣው ቤት ሄዳችሁ አስተካክሉ። «ይለፉኝ» ብሎ መለመን ለዛሬ ይሠራ ይሆናል። ብድሩ ሊፈረም ሲል ግን እዚያው ስሕተት ላይ ትመለሳላችሁ።

## ደረጃ 2፦ ከማን ጋር እንደምትደራጁ ወስኑ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ስጡ የምለው ለዚህ ነው። ሰው ግን በአንድ ማኪያቶ ይጨርሰዋል።

ቁጥር ለመሙላት አባል አታስገቡ። የአክስት ልጅ ስሙን ብቻ ያውሳችኋል። ብድር ሲመጣ ፊርማው ያስፈልጋል። ያኔ ወይ ስልክ አያነሳም፣ ወይ «ድርሻዬስ?» ይላል። ሁለቱንም አይቻለሁ። ብቻችሁን መሥራት ከፈለጋችሁ በግል መመዝገብም ይቻላል፤ ሳትጠይቁ «በቡድን ካልሆነ አይሆንም» ብላችሁ አትደምድሙ።

የማኅበሩን ዓይነት ሳትረዱ አትፈርሙ። ብዙዎቹ ኢንተርፕራይዞች የሚቋቋሙት በሕብረት ሽርክና ማኅበር ነው። በ2013 በወጣው የንግድ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ የዚህ ማኅበር አባላት ለማኅበሩ ዕዳ በአንድነትና በነጠላ፣ ያለ ገደብ ተጠያቂ ናቸው። በሰው ቋንቋ ስናወራው፦ አምስት ሆናችሁ 300,000 ብር ተበደራችሁ እንበል። ሦስቱ ተሰወሩ። አበዳሪው የቀራችሁትን ሁለታችሁን ሙሉውን 300,000 ሊጠይቃችሁ ይችላል። «የእኔ ድርሻ 60,000 ብቻ ነው» የሚል መልስ አያድንም።

ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ዕዳውን ባዋጣችሁት ልክ ይገድባል። አዲሱ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን እንዲያቋቁመውም ፈቅዷል። የሂሳብ አያያዙና የወረቀቱ ሥራ ግን ይከብዳል፤ ገና አንድ ማሽን ለሌለው ሰው አልመክርም። ከመወሰናችሁ በፊት የወረዳውን ባለሙያ «በዚህ ዓይነት ብመጣ የትኛው ድጋፍ ይቀርብኛል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ደንቡ ላይ የራሳችሁን ጨምሩ። ወረዳው የተዘጋጀ የመተዳደሪያ ደንብ ይሰጣችኋል። ባዶ ቦታውን ሞልታችሁ ብቻ አትመልሱ። ቢያንስ እነዚህን በቃለ ጉባኤ ያዙ፦

- ከባንክ ብር የሚያወጣው በማን በማን ፊርማ ነው? ሁለት ፈራሚ ይሁን፤ ሁለቱ ባልና ሚስት ወይም ወንድማማች አይሁኑ።
- አባል ሲወጣ ምን ይዞ ይወጣል? ቁጠባውን ብቻ ነው ወይስ ከማሽኑም ድርሻ አለው? በስንት ጊዜ ይከፈለዋል?
- በተከታታይ ስንት ቀን የቀረ ሰው ነው ከአባልነት የሚነሳው?
- ትርፍ ከመከፋፈሉ በፊት ለጥሬ ዕቃ ስንት ይቀመጣል?

ጓደኛሞች ነን ብላችሁ ይህን መዝለል ያምራችኋል። የምትጣሉት ግን በኪሳራ ጊዜ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያው ትልቅ ክፍያ ሲገባም ጠቡ ይመጣል።

## ደረጃ 3፦ ወረዳ ላይ ተመዝገቡ

የምትሄዱት ወደ ወረዳው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት የአንድ ማዕከል አገልግሎት ነው። ቅደም ተከተሉ በአብዛኛው ይህ ነው፦

1. እያንዳንዱ አባል በሥራ ፈላጊነት ይመዝገብ። የአንድ ሰው ምዝገባ ከጎደለ ቡድኑ ሙሉ ይቆማል።
2. የግንዛቤ ሥልጠናውን ውሰዱ። አሰልቺ ነው፤ ግን የስም መቆጣጠሪያው ላይ መፈረማችሁን አረጋግጡ።
3. ለማኅበሩ ሦስት አማራጭ ስም ይዛችሁ ግቡ። የመጀመሪያው በሌላ ሰው ተይዞ ሊሆን ይችላል።
4. ቃለ ጉባኤውንና ደንቡን አስፈርማችሁ አስገቡ።
5. የቲን ነምበር (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር)፣ የንግድ ምዝገባና ንግድ ፈቃድ አውጡ።

አምስተኛው ላይ ቆም በሉ። ንግድ ፈቃድ ካወጣችሁበት ቀን ጀምሮ ግብር ከፋይ ናችሁ። ሥራ ባትጀምሩም፣ አንድ ብር ባታገኙም፣ ጊዜው ሲደርስ ማሳወቅ አለባችሁ። «አልሠራሁም» ብሎ ዝም ያለ ሰው ቅጣቱ ተጠራቅሞ ይጠብቀዋል፤ ክሊራንስም፣ ማለትም ከግብር ዕዳ ነጻ ነው የሚል ማስረጃ፣ ያጣል። ፈቃዱ በየዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ያለ ቅጣት ይታደሳል። ስለዚህ ቦታና ማሽን ገና በሐሳብ ላይ ሳሉ ፈቃድ ለማውጣት አትጣደፉ፤ ሌላው ደረጃ በግድ ካልጠየቃችሁ በቀር።

የአድራሻው ቋጠሮ፦ ፈቃዱ አድራሻ ይጠይቃል፣ ሼዱ ፈቃድ ይጠይቃል። የሚፈታው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ ትንሽ ክፍል ተከራይታችሁ ውሉን በሰነዶች ማረጋገጫ ማስመዝገብ። አከራዩ በአካል መቅረብና የባለቤትነት ማስረጃ መያዝ አለበት፤ ይህን ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ንገሩት። ብዙ አከራይ «ግብር ይመጣብኛል» ብሎ እዚህ ላይ ያፈገፍጋል። ሁለተኛው፣ ወረዳው «ቦታ እስኪሰጣቸው» የሚል ደብዳቤ ለንግድ ጽሕፈት ቤቱ እንዲጽፍላችሁ መጠየቅ ነው። ሁሉም ወረዳ አይጽፍም። መጠየቅ ግን አያስከፍልም።

## ደረጃ 4፦ ሥልጠናውን ለወረቀቱ ብላችሁ አትውሰዱ

የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ለኢንተርፕራይዞች የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን አገልግሎት ይሰጣሉ። አራት ነገር ይዟል፦ ኢንተርፕርነርሽፕ፣ የቴክኒክ ክህሎት፣ ቴክኖሎጂና ካይዘን (የጃፓን የሥራ ማሻሻያ ዘዴ)። አሰልጣኙ ሥራ ቦታችሁ ድረስ ይመጣል። ታዲያ ጥያቄ አዘጋጅታችሁ ጠብቁት። «ይህ ብየዳ ለምን ይሰነጠቃል?» ያለ ሰው መልስ ያገኛል። ዝም ያለ ሰው አምስቱን «ማ»ዎች፣ የካይዘንን የሥራ ቦታ አደረጃጀት ደንቦች፣ ግድግዳው ላይ ለጥፎ ይቀራል።

## ደረጃ 5፦ የቢዝነስ ፕላኑን ራሳችሁ ጻፉ

ከኮምፒውተር ቤት የተዘጋጀ ፕላን አትግዙ። በዳቦ ቤት ፕላኑ ውስጥ ከሌላ ፕላን የተቀዳ የብሎኬት ዋጋ ሳይወጣ የቀረበትን ሰው አውቃለሁ። የብድር ባለሙያው እንዲህ ያለውን በአንድ ገጽ ይለየዋል።

አምስት ቁጥር በትክክል ካወቃችሁ ሌላው ማብራሪያ ነው፦

- አንድ ዕቃ ለመሥራት ጥሬ ዕቃው ስንት ይፈጃል?
- በቀን ስንት ትሠራላችሁ? መብራት በሚጠፋበት ቀንስ?
- ማን በስንት ይገዛችኋል?
- ባትሸጡም በየወሩ የምትከፍሉት ስንት ነው?
- የተሸጠው ዕቃ ብሩ በስንት ቀን እጃችሁ ይገባል?

የመጨረሻውን ሁሉም ይረሳዋል። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የሸጣችሁት ወንበር ብሩ ወራት ሊቆይ ይችላል። የብድሩ ወርሃዊ ክፍያ ግን አይጠብቃችሁም።

## ደረጃ 6፦ ብድር ወይስ ማሽን?

ቁጠባውን ቀድማችሁ ጀምሩ። ተቋማቱ የሚያዩት ሂሳባችሁ ውስጥ ያለውን ብር ብቻ አይደለም፤ በየወሩ መግባቱንም ያያሉ። ለማመልከት አንድ ቀን ሲቀር ከዘመድ ለቃቅማችሁ የምታስገቡት 50,000 ብር ብዙም አያሳምንም። ስለዚህ ቁጠባውን ገና ደረጃ 2 ላይ ሳላችሁ ጀምሩት።

ማሽን ከሆነ የፈለጋችሁት፣ ጥሬ ብር አትበደሩ። የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ድርጅቶች ማሽኑን ራሳቸው ገዝተው በሊዝ ወይም በዱቤ ግዥ ይሰጣሉ። አዲስ አበባ ላይ አዲስ ካፒታል፣ አማራ ክልል ላይ ዋልያ አሉ። የተለመደው ስሌት 20 በ80 ነው። ማሽኑ 400,000 ብር ቢሆን እናንተ 80,000 ታዋጣላችሁ፤ 320,000 ድርጅቱ ይሸፍናል። ከፍላችሁ እስክትጨርሱ ማሽኑ የእነሱ ነው፤ ዋስትናውም በዋናነት እሱ ራሱ ነው። ካርታ ለሌለው ሰው ትልቁ በር ይህ ይመስለኛል፤ ሰው ግን አልፎት ሄዶ የደመወዝ ዋስ ሲለምን ይውላል።

አካሄዱ፦

1. ማሽኑን ከሚያውቅ ሰው ጋር ሄዳችሁ እዩ። በስልክ ፎቶ አትወስኑ።
2. ከሦስት አቅራቢ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ያዙ። ዋጋው የሚጸናበትን ቀን ተመልከቱ፤ የድርጅቱ ኮሚቴ እስኪሰበሰብ ካለፈ ሌላ ማምጣት ነው።
3. የማሽኑን የመብራት ፍላጎት ጻፉ። ትሪ ፌዝ የሚጠይቅ ከሆነ ቦታችሁ ላይ መኖሩን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።
4. በሩን ለኩ። እየቀለድኩ አይደለም። ማሽን ውጭ አድሮ ግድግዳ የፈረሰበት ሼድ አለ።
5. ማመልከቻውን ከወረዳው ድጋፍ ደብዳቤ ጋር አስገቡ።

ጥሬ ብር የግድ ከሆነ ተቋሙን የሚቀበላቸውን የዋስትና ዓይነቶች በሙሉ ጠይቁ፦ የቡድን ዋስትና፣ የደመወዝ ዋስ፣ የመኪና ሊብሬ፣ የቤት ካርታ። በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረት፣ ማለትም ማሽንና የተከማቸ ዕቃ ጭምር፣ በመያዣነት መመዝገብ ይችላል። ሁሉም ቅርንጫፍ አይሠራበትም፤ እናንተ ካላነሳችሁት ግን ማንም አያነሳላችሁም። ወለድ የማትፈልጉ ከወለድ ነጻ አገልግሎት ያለበትን ቤት አጣሩ።

ሲበላሽ፦ «አልተፈቀደም» ከተባላችሁ ምክንያቱን ጠይቁና በጽሑፍ ያዙ። ቁጠባ ካነሰ፣ ዋስትና ካልሞላ፣ ከአባላት አንዱ የቆየ ዕዳ ካለበት፣ እያንዳንዱ መፍትሔው ለየብቻ ነው። የመጨረሻው በጣም ይደጋገማል። አንድ አባል ድሮ በሌላ ማኅበር የተበደረውን ካልመለሰ መላው ቡድን ይታገዳል። ደረጃ 2 ላይ እርስ በርስ በግልጽ ተጠያየቁ።

## ደረጃ 7፦ ሼዱን ስትጠይቁና ስትረከቡ

ጠያቂው ከሼዱ ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ ኮሚቴ ያጣራል፣ ከዚያ በኋላም ዕጣ ሊወጣ ይችላል። ተራችሁን የሚያሻሽለው እየሠራችሁ መገኘታችሁ ነው። በጠባብ ኪራይ ቤትም ቢሆን ደረሰኝ እየቆረጣችሁ የምትሠሩ ከሆነ፣ ገና ወረቀት ብቻ ከያዘው ቡድን ትቀድማላችሁ።

ማመልከቻውን በመዝገብ ቤት በኩል አስገቡ። ኮፒው ላይ ቁጥርና ቀን አስመቱ። ለባለሙያው በእጅ የሰጣችሁት ወረቀት ባለሙያው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

ቦታው ሲወጣ ቁልፉን ከመቀበላችሁ በፊት፦

- ቆጣሪው ላይ የቀድሞው ተጠቃሚ ዕዳ አለ? ካለ ርክክቡ ላይ ይጻፍ።
- ውኃ፣ መጸዳጃ ቤትና የጭነት መኪና መግቢያ አለ?
- ጣሪያው ያፈሳል? ክረምት ካልሆነ ጎረቤቱን ጠይቁ።
- የተሰበረውን ሁሉ ፎቶ አንሱ። በርክክብ ሰነዱ ላይም አስጽፉ።

ውሉን እስከ መጨረሻው አንብቡ። የጊዜ ገደብ አለው፤ የተለመደው አምስት ዓመት ነው። ለሌላ ማከራየት፣ ለሦስተኛ ወገን ማስተላለፍ፣ ዘግቶ መሄድ፣ ማምረቻውን መጋዘን ማድረግ ያስነጥቃል። «ግማሹን ለጓደኛዬ ባከራይ ማን ያያል?» አትበሉ። ጎረቤታችሁ ያያል፤ እሱም ቦታ ይፈልጋል።

በኮሪደር ልማት ወይም በሌላ ምክንያት ተነሺ ከሆናችሁ ከመፍረሱ በፊት ውላችሁን፣ ፈቃዳችሁን፣ የኪራይ ደረሰኛችሁንና የንብረት ዝርዝራችሁን ኮፒ አውጥታችሁ ከሥራ ቦታው ውጭ አስቀምጡ። ምትክ ቦታ የሚጠየቀው በእነዚህ ነው።

## ደረጃ 8፦ የገበያ ትስስር

ትስስር ማለት ወረዳው ደንበኛ ያመጣላችኋል ማለት አይደለም። በር ያሳያችኋል።

የመንግሥት ጨረታ፦ ጥቃቅንና አነስተኛ ሆናችሁ ስትወዳደሩ፣ የባንክ ዋስትና በማቅረብ ፋንታ ያደራጃችሁ አካል የሚጽፈው የዋስትና ደብዳቤ የሚሠራበት አሠራር አለ። የጨረታ ሰነዱ ይህን መቀበሉን አንብቡ። ደብዳቤው በአንድ ቀን አይጻፍም፤ ጨረታው ከመዘጋቱ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድማችሁ ጠይቁ። ካሸነፋችሁ ቅድመ ክፍያ ጠይቁ፤ እስከ 30 በመቶ ሊፈቀድ ይችላል። ሳትጠይቁ አይመጣም።

ትምህርት ቤቶች፦ ከተማው ከ2012 ጀምሮ በሚያካሂደው የተማሪዎች ምገባና የደንብ ልብስ ሥራ ውስጥ የተደራጁ እናቶችና ልብስ ሰፊዎች ገብተዋል። ወንበር፣ ጠረጴዛና የምግብ ግብዓት የምታቀርቡ ከሆነ የክፍለ ከተማችሁን ዕቅድ ከሐምሌ በፊት ጠይቁ። መስከረም ላይ ብትሄዱ ሌላው ወስዶታል።

የእሑድ ገበያና ባዛር፦ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ ባዛር ቦታ የሚያዘው ከወር በፊት ነው። ትርፉን ብቻ አትቁጠሩ። የገዢዎችን ስልክ መዝግቡ፤ ከባዛሩ በኋላ የሚደውለው ደንበኛ ይበልጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከአቅም በላይ ትእዛዝ አትቀበሉ። አምስት መቶ ወንበር በወር ተዋውሎ ሁለት መቶ ያደረሰ ማኅበር የመዘግየት ቅጣት ይቆረጥበታል። የዋስትና ደብዳቤውን የጻፈው ቢሮም ሁለተኛ አይጽፍለትም።

## ጉዳዩ ሲቆም

«ሲስተም የለም»፣ «ኮሚቴው አልተሰበሰበም»፣ «ነገ ኑ»። ሦስቱንም ትሰማላችሁ። እንዲህ አድርጉ፦

1. ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የዜጎች ቻርተር ፎቶ አንሱ። አገልግሎቱ በስንት ጊዜ እንደሚያልቅ ተጽፏል።
2. ጊዜው ካለፈ ለኃላፊው አንድ ገጽ ጻፉ። የገቢ ደብዳቤውን ቁጥርና ቀን ጥቀሱ። ስሜት አታብዙበት።
3. መልስ ከሌለ ወደ ቅሬታ ሰሚ፣ ከዚያ ክፍለ ከተማ፣ ከዚያ ቢሮ። ደረጃውን ከዘለላችሁ «ከታች ጨርሱ» ተብላችሁ ትመለሳላችሁ።
4. የከተማው መንገድ ካለቀ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ።

በር ላይ «ጉዳዩን እኔ አስጨርሳለሁ» ለሚል ሰው ብር አትስጡ። ለምዝገባና ለመደራጀት የሚከፈል ካለ ደረሰኝ አለው። ደረሰኝ የሌለው ክፍያ ሲጠየቅ የጠያቂውን ስም፣ ቀኑንና መስኮቱን ጻፉና ለሥነ ምግባር ክፍሉ አድርሱ።

አንድ ደብተር ግዙ። በሄዳችሁ ቁጥር ቀን፣ ያነጋገራችሁት ሰው፣ የተባላችሁትን ጻፉ። ሁለት ሰው ሆናችሁ ሂዱ፤ ሁልጊዜም እነዚያው ሁለት ይሁኑ። ባለሙያው ሲቀየር፣ ይቀየራልም፣ ለአዲሱ ከመጀመሪያው ከመተረክ ደብተሩን መክፈት ይቀላል።